ፒፓ አይደለም!

ሰሞኑን አንድ ወጣት አዘጋጅ የዕቃ ዝርዝር ላከልኝ፦ «ፒፓ 1፣ ረጅምና ቀጭን፣ ለእመቤቲቱ»። ለቴአትርና ለፊልም ዕቃ ማቅረብ ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳረምኳት እግዜር ይቁጠረው።

ፒፓ ራስ አለው። ራሱ ጎድጓዳ ነው፤ ልቅ ትምባሆ ይጠቀጠቅበትና እሳቱም እዚያው ውስጥ ይነዳል። አዘጋጁ የፈለገው ግን ራስ የሌለው፣ ሲጋራው እንዳለ ጫፉ ላይ የሚሰካበት ቀጭን ቱቦ ነው። የሚነደው ሲጋራው እንጂ ዕቃው አይደለም። «የሲጋራ መያዣ» እንዳይባል ደግሞ እሱም ጣጣ አለው። አንዴ እንዲያ ተብሎ ቢታዘዝ ረዳቴ ሲጋራ የሚደረደርበትን የብር ሣጥን ይዞ ከች አለ። መያዣ ነው፣ ምን ይፈረድበታል? እኛ መጋዘን ውስጥ «የሲጋራ ቀሰም» እንለዋለን። የተሻለ ያለው ያምጣ፤ ፒፓ ብቻ አይበለኝ።

«ቲቶስ?» የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባን የጎበኘው የዩጎዝላቪያው ቲቶ ትንሽ ፒፓ በምትመስል ዕቃ ላይ ሲጋራ ሰክቶ ያጨስ ነበር። መልኳ ፒፓ፣ ሥራዋ ቀሰም። ለእሷ ሲባል አንድ ጊዜ እሸነፋለሁ።

«የሴት ዕቃ ነው» ለሚል፦ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ፎቶ ይመልከት። ቀሰሙን በጥርሱ ነክሶ ወደ ላይ አንጋጦታል።

«የሀብታም ነው» ለሚል፦ ፓፒሮሳ የሚባለው የሩሲያ ሲጋራ ባዶ የካርቶን ቱቦው አብሮት ነው የሚሸጠው፤ የሶቪየት ወዛደር ሲያጨሰው ኖሯል።

«ነጩ የዝሆን ጥርስ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልብኝ ሻጭም አይጠፋም። አንዳንዱ ሚርሻም ነው፤ በቱርክ ኤስኪሼሂር አካባቢ የሚወጣ ቀላል ማዕድን። ሲጨስበት እየቆየ ይበልዛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ረጅም የሆነው ጭሱን ለማጣራት ነው።» ርዝመቱ የአለባበስ ጉዳይ ነበር፤ ለእራት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር፣ ለኦፔራ ከ40 እስከ 50። ፊልተር ያለው ሲጋራ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስለሆነ ከዚያ በፊት የትምባሆው ፍርፋሪ አፍ ውስጥ ይገባ፣ ወረቀቱም ከንፈር ላይ ይጣበቅ ነበር። ቀሰሙ ይህን አስቀረ፤ አመዱን ከጓንትና ከቀሚስ አራቀ፣ ጣትንም ከመበለዝ አዳነ። አንድ አንጋፋ ተዋናይ ወዳጄ የራሱን ቀሰም በጥጥ ወልውሎ ጥቁር ቡኒ ዝቃጩን እያሳየ «ይኸው ከምን እንዳተረፈኝ!» ይለኝ ነበር። ጋሼ፣ ይሄ የቀረው ነው፤ የገባውን ማን አየው? ጭሱ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ሬንጅ የሚባለው ዝቃጭም በመጠኑ የቀሰሙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ኒኮቲኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ውስጡ የሲሊካ ጄል ማጣሪያ የሚገባበት ዓይነትም አለ፤ እሱም ቢሆን ሲጋራውን ጤና አያደርገውም።

ለአዘጋጆች፦ ታሪካችሁ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሆነ ፊልተሩን ቆርጣችሁ ስኩ። ፊልተሩን ካልቆረጣችሁት ደግሞ ወደ ቀሰሙ የሚገባው እሱ ነው። አንዷ ተዋናይት በልምምድ ላይ ገልብጣ ሰክታ ፊልተሩን ለኮሰችው፤ ሽታው ከመጋረጃው ሳይለቅ ሁለት ቀን ከረመ። ያ ድሮ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወዲህ አዳራሽ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ እኔም ቀሰም ሳከራይ ክብሪት አልጨምርም።