ኪሎሜትሩን ለ900 ማካፈል አይበቃም

ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ብዙ ሰው ርቀቱን ይፈልግና ለ900 ያካፍላል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎሜትር ገደማ ይበራል ሲባል ሰምቷላ። ከዚያ ያንን ቁጥር አምኖ ትራንዚቱን ይወስናል፣ የሚቀበለውንም ሰው ይቀጥራል። በዚህ የተነሳ ቀጣዩ በረራ የሚያመልጠው ሰው ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ስለ በረራ ሰዓት የሚያሳስቱንን የተለመዱ አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሲሄድም ሲመለስም እኩል ነው።» አይደለም። ለንደንና ኒውዮርክ 5,500 ኪሎሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከለንደን ኒውዮርክ 8 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ መልሱ ግን 7 ሰዓት ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። ምክንያቱ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል፣ በሰሜኑ የብርድ ወራት ደግሞ ይብስበታል። በየካቲት ወር 2020 (እንደ ፈረንጆች) አንድ ቦይንግ 747 ይህ ነፋስ ከኋላ እየገፋው ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎሜትር አልፎ ነበር። ታዲያ ድምፅን ቀደመ ማለት ነው? በፍጹም። የሚበርበት አየር ራሱ አብሮት እየሮጠ ነበር፤ ከዚያ አየር አንጻር ግን የተለመደ ፍጥነቱን አላለፈም። ከመቀመጫችሁ ፊት ያለው ስክሪን ላይ የምታዩት ቁጥርም ከመሬት አንጻር ያለው ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ሲሄድ 800፣ ሲመለስ 1,000 ሊያሳያችሁ የሚችለው።

«ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ ለሚበር ሰው መድረሻው ራሱ ይመጣለታል።» አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ነው የሚዞሩት። ነገሩ እውነት ቢሆን ወደ ኒውዮርክ የሚሄደው በቀደመ ነበር።

«ካርታው ላይ መስመሩ ጎብጧል፣ ፓይለቱ እየዞረ ነው።» ከለንደን ሎስ አንጀለስ የሚበር አውሮፕላን ብዙ ጊዜ በግሪንላንድ በኩል ያልፋል። ዞሮ ሳይሆን አቋርጦ ነው! የሚያሳስተን ጠፍጣፋው ካርታ ነው፣ ወደ ዋልታው ያለውን ምድር ይለጥጠዋል። ሉል ካገኛችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥራችሁ እዩት።

ግን አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደረስ ነበር። በ2022 የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ወደ 13 ሰዓት ገደማ አደገ። ከተሞቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

«ቲኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት መነሻውን ብቀንስ የበረራውን ርዝመት አገኛለሁ።» ሁለቱም የየከተማቸው ሰዓት ናቸው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፉበት ወቅት ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከቶኪዮ ተነስቶ 10 ሰዓት የበረረ ሰው፣ ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው እዚያው ሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ሳይነሳ ደረሰ ልትሉ ነው፤ የሰዓት ልዩነቱ 16 ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም። ከበር እስከ በር ነው የሚቆጠረው፤ ማኮብኮቢያው ላይ ተራ መጠበቁም፣ ካረፈ በኋላ እስኪቆም ያለውም ይገባበታል። አየር መንገዶች ለዚህ ትርፍ ደቂቃ አስቀድመው ስለሚይዙ ነው፣ ዘግይቶ የተነሳ አውሮፕላን አንዳንዴ በሰዓቱ ከተፍ የሚለው።