«የቡድን ምርመራ» ሲባል
ሀዋሳ ውስጥ የማስጠናቸው የስታቲስቲክስ ተማሪዎች «የቡድን ምርመራ» ሲባል ግራ ይጋባሉ። «አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመመ ማለት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ከ10 ሰው ደም ትንሽ ትንሽ ተወስዶ ይቀላቀልና አንዴ ይመረመራል። ነፃ ከሆነ አስሩም ተገላገሉ። በሽታው ከተገኘ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይመረመራል፤ ድምሩ 11 ነው። ሐሳቡን በ1943 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሜሪካዊው ሮበርት ዶርፍማን ነው።

እኔ በጣም የምወደው ስሌቱን ነው። ከ100 ሰው 1 ታማሚ ቢኖር፣ አስሩም ነፃ የመሆን ዕድላቸው 0.904 ገደማ ነው። ስለዚህ ለ10 ሰው በአማካይ 2 ምርመራ ገደማ ይበቃል። ግን በተግባር 2 የሚሆንበት ጊዜ የለም፤ ወይ 1 ነው ወይ 11። «የሚጠበቅ ዋጋ» የሚባለው፣ ማለትም ነገሩ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የሚገኘው አማካይ፣ ቁልጭ ብሎ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። ከ100 ሰው 30ው ታማሚ ከሆነ ደግሞ አማካዩ ከ10 ያልፋል፤ ያኔ መቀላቀሉ ኪሳራ ነው።