ተጣጣፊ ጠረጴዛ ምንድን ነው? ለጠባብ ቤት ከቋሚው የሚሻለውስ መቼ ነው?

ተጣጣፊ ጠረጴዛ ማለት ፊቱ በማጠፊያ ተይዞ፣ ሥራ ሲኖር የሚዘረጋ፣ ሥራው ሲያልቅ ተጣጥፎ ግድግዳ የሚይዝ ጠረጴዛ ነው። ቋሚው እግሩም ፊቱም አንድ ላይ የተገጠመ ስለሆነ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ቦታውን ይዞ ይኖራል። ሐሳቡ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። መሶብም ሲበላ መሐል ቤት ይመጣል፣ ገበታው ሲነሳ ጥጉን ይይዛል። ነገር ግን መሶብ ክብደቱን የሚጥለው ወለል ላይ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ሸክሙን የሚጥለው በጥቂት ብሎኖችና በአንድ ግድግዳ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሲመርጥ የክፍሉን ጥበት ብቻ ያያል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግድግዳው ነው፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ውሎ የሚያድረው ዕቃ።

ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪ ወይም ለሠራተኛ የሚከራይ 3 በ3 የሆነ ክፍል እንውሰድ። ሜትር ከሃያ አልጋ አንዱን ግድግዳ ተከትሎ ሲገባ ከፊቱ 1 ሜትር ከ80 ይቀራል። ትይዩው ግድግዳ ሥር 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የሚወጣ ቋሚ ጠረጴዛ ቢቆም ቀሪው 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። ወንበር ስቦ ለመቀመጥና ለመነሳት 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልግ፣ አንዱ ተቀምጦ ሲያጠና ሌላው የሚያልፍበት 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በጎን ካልሆነ አይታለፍም። ተጣጣፊው ሲታጠፍ ግን ከግድግዳው የሚወጣው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የተረፈው ግማሽ ሜትር ረከቦትና ሁለት በርጩማ ይይዛል።

ይህ ትርፍ የሚገኘው ጠረጴዛው በእርግጥ ሲታጠፍ ነው። መጻሕፍት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የስኳር ዕቃና ብርጭቆ ሁልጊዜ ላዩ ላይ ከተደረደሩ ለማጠፍ ሁሉንም ማንሳት ይጠይቃል፤ ያኔ በሳምንቱ ማጠፉ ይቀራል። ሳይታጠፍ የሚኖር ተጣጣፊ ጠረጴዛ ደካማ ቋሚ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይታጠፍ ከሆነ ቋሚውን ማሠራት ይሻላል። የስፌት መኪና ለሚቀመጥበት፣ ሥጋ ለሚከተፍበት፣ ሊጥ ለሚዳመጥበትም ቋሚ ነው የሚያስፈልገው፤ ድብደባና ንዝረት ማጠፊያን ያላላል።

ቁመቱ ብዙ አያከራክርም። 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ወንበር ጠረጴዛው ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቤቱ የሚጠቀመው 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን በርጩማ ወይም ዱካ ከሆነ ወደ 55 ወይም 58 ዝቅ ይበል። ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይበቃል።

አሁን ወደ ሸክሙ። ብዙ ጠረጴዛ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ፊት አለን እንበል፤ ከሥሩ የሚደግፈው የእንጨት ክንድ የሚደርሰው እስከ መሐሉ፣ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሰው ጫፉ ላይ ተደግፎ 30 ኪሎ ሲጫነው ጠረጴዛው እንደ መፈንቅል ይሆናል፤ ግድግዳው ዘንድ ያለው ማጠፊያ በ30 ኪሎ ኃይል ወደ ላይ ይነቀላል። ክንዱ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ግን ያው ሰው፣ ያው ክብደት፣ ማጠፊያውን የሚያነሳው በ7 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ክንዱ ቢያንስ የፊቱን ሦስት አራተኛ ይድረስ። አናጢው «አይወድቅም» ቢልም በሜትር ይለኩት።

የክንዱ ቁመትም እንዲሁ ነው። ክንዱ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ኖሮት እንደ መስኮት መዝጊያ ወደ ጎን የሚከፈት ይሁን። ያንኑ 30 ኪሎ ተሸክሞ ግድግዳውን የያዘበት ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኛው ብሎን በ60 ኪሎ ወደ ውጭ ይጎተታል፤ 40 ከሆነ በ37 ኪሎ ተኩል። ጥቂት እንጨት መጨመር ይህን ያህል ያሳርፋል።

ሁለት ክንድ ሲደረግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ ክንዶቹ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ይጋጫሉ። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች ሳይነካኩ እንዲታጠፉ በማጠፊያዎቻቸው መካከል ቢያንስ 82 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፊቱ 1 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ፊቱ 80 ብቻ ከሆነ አንድ ክንድ መሐል ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ማዕዘኖቹ ግን ሲጫኗቸው ይዋልላሉ። ለዚህ መጠን እኔ የምመርጠው ወለል ላይ የሚያርፍ ተጣጣፊ እግር ነው። ጫፉ ሥር እግር ካለ ጫፉ ላይ ያረፈው ክብደት በሙሉ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ግድግዳውም ይገላገላል።

ግድግዳው ከምን ተሠራ? መልሱ ከእንጨቱ ዓይነት ይበልጣል። በከተማው የሚበዛው ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ብሎኑን የሚይዘው ገጹ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትራፓኖው እየመታ ከቀደደው ይህ ገጽ ከውስጥ በኩል ይፈረካከሳል፣ ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ፣ ፊሸሩም ገብቶ ባዶው ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ የትራፓኖውን መምታት አጥፍቶ በማሽከርከር ብቻ መቅደድ ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸርና የሚያስረውን እንጨት አልፎ ፊሸሩ ውስጥ በደንብ የሚገባ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ ነገር ግን ማጠፊያውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አያስሩ። መጀመሪያ አንድ ሞራሌ፣ ማለትም ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨት፣ በውሃ ልክ አግድም ይታሰር፤ አምስት ወይም ስድስት ብሎን በተለያዩ ብሎኬቶች ላይ ይከፋፈል፤ ማጠፊያው ሞራሌው ላይ ይገጠም። ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ ካገኙ ከሁሉም ይበልጣል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ብሎን አይይዝም። ጭዱና ጭቃው ለአንድ ሳምንት የያዘ መስሎ ይቆይና ከነቅርፊቱ ይረግፋል። ከምርጊቱ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት በቀጭን ሚስማር እየወጉ መፈለግ ይቻላል። ከዚያ የተሻለው ግን ሁለት ሞራሌዎችን ከወለል እስከ ጠረጴዛው ቁመት ማቆም፣ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ፣ ከላይ ደግሞ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ማሰር ነው። ሸክሙ በሞራሌዎቹ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል፤ የግድግዳው ሥራ ወደ ፊት እንዳይወድቁ መያዝ ብቻ ይሆናል። በመንዝ በኩል በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲያጋጥም ቀዳዳው በድንጋዩ መሐል ይሁን፤ በመጋጠሚያው ላይ የገባ ፊሸር ጭቃውን ይዞ ይወጣል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ደግሞ ምስጥ ስላለ፣ እግሩ አፈር ወለል ላይ ከሚያርፍ ጠረጴዛ ይልቅ ከመሬት የተነሳው ይቆያል። እግር ግድ ከሆነ ድንጋይ ወይም ብረት ከሥሩ ይግባ።

ተከራይ ከሆኑ ከመቅደድዎ በፊት አከራይዎን ይጠይቁ። ካልፈቀዱ ግድግዳ የማይነካ፣ እግሩ እንደ በር የሚከፈትና በራሱ የሚቆም ተጣጣፊ ይሠራል፤ ሲወጡም ይዘውት ይሄዳሉ።

በእንጨቱ ላይ አየሩ ይፈርዳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ እርጥብ ነው፣ ከጥቅምት በኋላ ያለው ውርጭና ደረቅ ነፋስ ግን እንጨትን ይሰበስባል። በነሐሴ የተገዛ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ በታኅሣሥ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ቋሚ ጠረጴዛ ትንሽ ቢጣመም እግሩ ሥር ሽብልቅ ይገባለታል፤ ተጣጣፊው ሲጣመም ማጠፊያው ይነክስና አልዘጋ ይላል። ለፊቱ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ አስተማማኝ ነው፤ ቃጫው ተሻግሮ ስለተደራረበ ብዙም አይሰበሰብም። ችፑድ ርካሽ ነው፤ ግን ብሎን አንዴ ከተፈታበት ዳግመኛ አጥብቆ አይይዝም፣ ውሃ ሲነካውም ያብጣል። ዋንዛ ከተገኘ ቀላልና ለመላግ የተመቸ ነው። ጽድ መዓዛው ደስ ይላል፤ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ግን ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀድሞ በ3 ሚሊ ሜትር መቅደድ ያስፈልጋል። ፊቱ ከጣውላ ከሆነ ከሥሩ አግድም የሚገባው እንጨት የብሎን ቀዳዳው ሞላላ ይሁን፤ ጣውላው ሲሰበሰብና ሲሰፋ ብሎኑ እንዲንሸራተትለት። ክብ ቀዳዳ ከሆነና በኮላም ከተለጠፈ እንጨቱ መሄጃ አጥቶ ይሰነጠቃል።

ማጠፊያው ከፊቱ በታች በኩል ይግባ፤ ክብ አከርካሪው ልክ መጋጠሚያው ሥር ይዋል። ለ80 ሴንቲ ሜትር ፊት ሦስት ማጠፊያ፣ ዳርና ዳር ያሉት ከጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ሦስቱ በአንድ መስመር ካልዋሉ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ሲታጠፍም ይንቋቋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ረጅም ማጠፊያ ከተገኘ ይህን ችግር ያስቀራል። በ18 ሚሊ ሜትር እንጨት ላይ የሚገባው ብሎን 16 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 20 ከሆነ ጫፉ በላይ በኩል ብቅ ብሎ እጅ ይቧጭራል። ፊቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች የሚታጠፍ ይሁን፤ ወደ ላይ የሚታጠፈው መቀርቀሪያው ከለቀቀ የሕፃን ራስ ላይ ይወርዳል።

በትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ውስጥ ለሚሠራ ጠረጴዛም ይኸው ጥያቄ አለ። ጀልባው ሲያዘነብል ሰው የሚይዘው ጠረጴዛውን ስለሆነ ቋሚው ከጀልባው አካል ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ጠርዙም ሳህን እንዳይንሸራተት ከፍ ብሎ ይሠራል። እነሱ ጋ የተለመደ አንድ መፍትሔ አለ፤ መሐሉ ጠባብ ቋሚ፣ ግራና ቀኙ የሚታጠፍ ክንፍ። ይህን ለኛ ክፍል ሲያመጡት ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ቋሚ መደርደሪያ፣ ከፊቱ ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር የሚታጠፍ ክንፍ ይሆናል። ቻርጀሩ፣ መጽሐፉና የስኳር ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይቀራሉ፤ ክንፉ ባዶ ስለሆነ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ድጋፉ ግን ከሁለቱ ድምር፣ ከ55 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሰላው፤ ክንዱ ከ41 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ወይም ክንፉ ጫፍ ሥር እግር ይግባ። ለአንድ ክፍል ቤት ከሁለቱም ወገን ይህን አስቀድማለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይፈትኑት። ከወለል እስከ ፊቱ ጫፍ ያለውን ቁመት ለክተው ይጻፉ፤ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጫፉ ላይ ያስቀምጡና ይደር። ጠዋት መልሰው ይለኩ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የእንጨቱ መለጠጥ ነው፤ ጀሪካኑ ሲነሳ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ወርዶ ካልተመለሰ ግድግዳው ዘንድ የላላ ብሎን አለ፤ ሞራሌው ከግድግዳው የተላቀቀበትን ክፍተት በወረቀት ጫፍ እየገፉ ይፈልጉት። ከመጀመሪያው ጥር በኋላም የማጠፊያውን ብሎኖች አንድ ጊዜ ያጥብቁ፤ እንጨቱ በበጋው ሲሰበሰብ ይላላሉና።