ሞለኪዩላዊ አገልግል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ሀዋሳ ላይ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል ባጃጅ ያዝኩ። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀመጥን። የባጃጁ የጎን መጋረጃ ድሮ ቀይ ነበር፤ አሁን ፀሐይ የሚመታው በኩል ነጥቶ ሮዝ ሆኗል። እጥፋቱን ገለጥ ሳደርገው ግን ውስጡ ገና ደማቅ ቀይ ነው።

ይሄ የብርሃን ኬሚስትሪ ነው። የቀለሙ ሞለኪዩል ብርሃን ይውጣል፣ በአንዴ ኃይል ይሞላል፣ ከዚያ አንድ ነገር ይሆናል። ምን? ሊጠማዘዝ፣ ሊሰበር፣ ከጎረቤቱ ጋር ሊጣበቅ ወይም ኃይሉን በሙቀት መልክ ጥሎ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ብርሃን ኃይል ይሰጣል እንጂ ከእነዚህ አንዱን አይመርጥም። ኬሚስቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው።

መላው ሞለኪዩሉን ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከትቶ ብርሃን ማብራት ነው። እኔ ይህን ዕቃ አገልግል እለዋለሁ፤ ኬሚስቶች ዕቃውን ጋባዥ፣ የሚገባውን ሞለኪዩል እንግዳ ይሉታል። ዕቃው ራሱም ሞለኪዩል ነው። ሳይክሎዴክስትሪን የሚባለው ከስታርች የሚሠራ ቀለበት ሲሆን 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ነው። የባለ 7ቱ ቀዳዳ ስፋት 0.6 ናኖሜትር ያህል ነው። የፀጉር ውፍረት ከዚህ ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይበልጣል። ኩከርቢቱሪል የሚባለው ሌላው ዕቃ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከዱባ ነው፤ ቅርጹ ቁርጥ ዱባ ስለሚመስል። የእነዚህ ዕቃዎች ሆድ ውሃ ብዙም አይወድም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ቅባት ነክ ሞለኪዩል ካገኙ ማንም ሳይገፋው ሰተት ብሎ ይገባል።

ግድግዳው ምን እንደሚያደርግ በደንብ የሚያሳየው አንድ ሙከራ አለ። ሁለት ጫፍ ያለው ሞለኪዩል እንውሰድ፤ ጫፎቹን ሀ እና ለ እንበላቸው። መሃላቸው ላይ ካርቦንና ኦክስጅን አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ይሰበራል። መሃሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ ሀ እና ለ ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህ የሆነው በተራ ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ ገበያ መሃል እንደተጠፋፉ ሰዎች ይበታተናሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ካገኘው ጋር ይጣመራል፦ ሀሀ 25 በመቶ፣ ሀለ 50 በመቶ፣ ለለ 25 በመቶ። ንጹሕ ዕድል ነው።

አሁን ያንኑ ሞለኪዩል ሳሙና ውሃ ውስጥ ተሰባስቦ በሚሠራው ጥቃቅን ኳስ ውስጥ አስገቡት። የሀለ ድርሻ ከፍ ይላል። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን መሰል ሞለኪዩሎች አፍ ለአፍ ገጥመው እንደ አገልግልና ክዳኑ በሚዘጉበት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሀሀና ለለ ከናካቴው ይጠፋሉ። ሀ መውጫ የለውም፤ አጠገቡ ያለው ያው የድሮ ጓደኛው ለ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሳይሄድ በፊት ቦታ ቀይረው መልሰው ይያያዛሉ፤ አዲስ ሞለኪዩል ይወጣል። ብርሃኑ ያው ነው፣ ሞለኪዩሉም ያው ነው፤ የተለየው ቦታው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዶናልድ ክራም ሥራ ነው። ክራም በ1987 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘ ሰው ነው። ሳይክሎቡታዳየን የሚባል ሞለኪዩል አለ፤ ነጻ ከተለቀቀ ወዲያው ከመሰሉ ጋር ተጋጭቶ ያልቃል። በ1991 ክራምና ባልደረቦቹ እንዲህ ባለ ዝግ ሞለኪዩላዊ ዕቃ ውስጥ በብርሃን ሠሩት። መሰሉ ሊደርስበት ስላልቻለ በተራ የክፍል ሙቀት ቆየ!

እርግጥ ሁሌ አይሳካም። ምርቱ ከእንግዳው ይልቅ ለዕቃው ከተስማማ አልወጣም ይላል፤ ያኔ ለሚቀጥለው እንግዳ ቦታ የለም።

ወደ አሞራ ገደል ልመለስ። ከባጃጅ ወርጄ ዓሣ ቆራጮቹ አጠገብ የቆመ አባ ኮዳ አየሁ። ያየሁት በዚሁ ዘዴ ነው። ዓይናችን ውስጥ ሬቲናል የሚባል የታጠፈ ሞለኪዩል በፕሮቲን ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ተራ ፈሳሽ ውስጥ ብርሃን ሲመታው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይጠማዘዛል። ኪሱ ውስጥ ግን የሚዞረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም 200 ፌምቶሴኮንድ ገደማ ውስጥ። አንድ ፌምቶሴኮንድ ማለት ሴኮንድ ለ1,000 ትሪሊዮን ሲካፈል የሚደርሰው ነው። ከሚውጣቸው 3 የብርሃን ቅንጣቶችም 2ቱ ያህል ሥራ ላይ ይውላሉ።