ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፦ ለተመደበም መመደብ ለሚፈልግም

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚቀርበው ለሐረር ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ስሙ «ሐረማያ» የሆነው በ2006 ቢሆንም የድሮ ተመራቂዎች ዛሬም «አለማያ» ነው የሚሉት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምደባ ሲቃረብ የሚጠየቀው በየዓመቱ ያው ነው። ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? የሐረማያ ሐይቅ ዛሬም አለ? ከግብርና ሌላ ምን አለ? ተመርቄስ ሥራ አገኛለሁ? ግማሹን ለመመለስ ከአመሠራረቱ መነሳት ያስፈልጋል። ግቢው ዛሬም እርሻ መሃል የተቀመጠ ኮሌጅ ነውና።

መነሻው ፖይንት ፎር የተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ነው። የዛሬውን ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት ይመሩ የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያ መጥተው ስለ ግብርና ኮሌጅ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት የፖይንት ፎር ኃላፊ ሆኑ። ኮሌጁን ግን ሳያዩት ቀሩ፤ በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የኦክላሆማው ተቋም ኮሌጁን እንዲያቋቁም ውሉ በ1952 ተፈረመ። ግቢው እስኪሠራ ትምህርቱ በጅማ ቆየ፤ በ1956 ወደ አለማያ ተዛወረ። በጥር 1958 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጥተው መረቁት። የተመሠረተበት ዓመት ሲነሳ ከ1952ቱ ውል የሚቆጥሩ አሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚይዘው 1954ን ነው፤ የቤቱን አቆጣጠር መያዝ ይሻላል።

ኦክላሆማዎች ይዘውት የመጡት አሠራር ለአገራችን አዲስ ነበር። ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ ሦስቱም የአንድ ኮሌጅ ሥራ ሆኑ። በጤፍ ምርምሩ የታወቀው የደብረ ዘይት ጣቢያም የኮሌጁ ነበር። የአገሪቱ የግብርና ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ለገበሬው ምክርና አዲስ አሠራር የማድረሱ ሥራ፣ የተጀመረው እዚህ ነው፤ በ1963 ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። በ1966 ደግሞ ምርምሩን የሚመራ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ግቢ እየወሰዱ አደጉ ብንል ማጋነን አይሆንም። ኦክላሆማዎቹ በ1968 ጠቅልለው ወጡ።

ከእነዚያ ዓመታት ተማሪዎች ስሙ የገነነው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ነው። በ1973 ከአለማያ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቀ። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰደ። ግቢ ውስጥ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የሚመረቅ የለም።

በደርግ ጊዜ ኮሌጁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ በ1985 የአለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርትና የጤና ዘርፎች ተጨመሩ።

ስለዚህ «ግብርና ብቻ ነው?» ለሚለው መልሱ አይደለም ነው። ሕግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ቢዝነስ፣ የእንስሳት ሕክምና አለ። የጤና ተማሪዎች ሐረር ከተማ ባለው ካምፓስ ይማራሉ፤ የሚለማመዱትም በሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ሕክምና የደረሰው ተማሪ ኑሮው የሐረር ኑሮ ነው ማለት ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ምሥራቅ ሲባል ሁሉም በረሃ ይመስለዋል። ግቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ያልያዘ ፍሬሽማን በመጀመሪያው ወር እቤት ደውሎ ያስልካል።

ሐይቁ ረጅም ታሪክ አለው። በኦሮምኛ «ሐሮ» ሐይቅ ነው፤ የቦታው ስምም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ሐይቁ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። አንዳንዱ ምክንያቱ የጫትና የአትክልት መስኖ ነው ይላል፤ ሌላው ለሐረር ከተማ የተሳበው ውሃ ነው ይላል፤ ከተራራው የሚታጠበውን ደለል የሚያነሳም አለ። ምናልባት ሁሉም እጁ አለበት። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፤ የድሮዎቹ እንደሚያወሩት ግን አይደለም።

የዶርም ኑሮ ከሌላው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይለይም። ተደራራቢ አልጋ፣ ፕሮክተር፣ የካፌ ሰልፍ። ካፌ የማይመቸው ነን ካፌ ሆኖ በወር ገንዘቡን ይቀበላል። ወጪ መጋራትም አለ፤ ፈርመህ ትገባለህ፣ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ። ከበሩ ውጪ ያለችው ትንሽ ከተማ ባቴ ናት። ፎቶ ኮፒው፣ ሻዩ፣ ርካሹ ምሳ እዚያ ነው። ኦሮምኛ የማይችል ተማሪ ገበያ ለመዋል ያህሉን እዚያው ይለምዳል። ወደ ሐረር ሲኬድ አወዳይ አለች፤ የጫት ገበያዋ ቀንም ሌሊትም ነው። ግቢ ውስጥ ጫት ክልክል ነው። ቅዳሜ ሐረር ወርዶ በግንብ የታጠረችውን የጀጎልን ጠባብ መንገዶች መዞርና ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ማየት የግድ ነው። ሙቀት ያማረው ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ይወርዳል።

ሥራን በተመለከተ በቀጥታ እንነጋገር። አለማያ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቀው ዘመን አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። የምርምር ማዕከላት፣ የግብርና ቢሮዎች፣ የዘር ድርጅቶችና መያዶች ውስጥ ግን የሐረማያ ሰው የማታገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በእኔ ግምት እዚህ የሚያዋጣው እጅን ጭቃ ማስነካት ነው። የወተት ላሞቹ፣ የዶሮ እርባታው፣ የሙከራ ማሳው ግቢው ውስጥ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ካወጣቸው የድንች ዝርያዎች አንዱ «ቡቡ» ነው። ማሳውን ከሩቅ እያየ የሚመረቅም አለ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይታወቃል።

ለመምጣት በአውቶቡስ አዋሽንና ጭሮን አልፎ መንገዱ ተራራውን ይወጣል። ድሬዳዋ ድረስ በአውሮፕላን ወይም በባቡር መጥቶ በሚኒባስ ሽቅብ መውጣትም ይቻላል። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ግን መንገዱ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች ነው። በዚያ ሰሞን የምትመጣ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድመህ ተነሳ። ትኬት ስትቆርጥ ሐረር በል፤ መውረጃህ ባቴ ነው።