የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም፦ የማን አባባል ነው?

«የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ዕቃ ስንገዛ እንለዋለን። ለማግባት የቸኮለ ወንድም ስንመክር እንለዋለን። ፌስቡክ ላይ የሰው ኑሮ አይተን ስንቀናም ራሳችንን እናጽናናበታለን። መልእክቱ ቀላል ነው፤ ላዩን አይተህ አትፍረድ ነው። የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው «የሼክስፒር» ብሎ ያልፈዋል። ሼክስፒር ራሱ የእኔ ነው አላለም።

አባባሉ የሚገኘው «የቬኒሱ ነጋዴ» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ነው። የተጻፈው በ1596 ወይም በ1597 አካባቢ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፖርሺያ የምትባል ባለጸጋ ወጣት አለች። አባቷ ሲሞት አንድ ነገር ተናዟል። ሊያገባት የመጣ ሁሉ ከወርቅ፣ ከብርና ከእርሳስ ከተሠሩ ሦስት ሣጥኖች አንዱን ይመርጣል። የእሷ ምስል ያለበትን ሣጥን ያገኘ ያገባታል። የሳተ ዕድሜ ልኩን ሳያገባ ይኖራል። ይህንንም ከመምረጡ በፊት ይምላል።

ከሚመጡት አንዱ የሞሮኮ ልዑል ነው። ገና ሲገባ «በመልኬ አትጥይኝ» ይላታል፤ ጥቁረቴ የፀሐይ ጎረቤት ስለሆንኩ ነው እያለ። ከዚያ ሣጥኖቹን ዞሮ ያያል። እንዲህ ያለች ሴት በእርሳስ ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም ብሎ ወርቁን ይከፍታል። የሚያገኘው የራስ ቅል ነው። በዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጥቅል ወረቀት ተሰክቷል። «የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም፤ ይህ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተሃል» ይላል። ወረድ ብሎም በወርቅ የተለበጠ መቃብር ውስጡ ትል ነው ይለዋል።

ይህን ክፍል ደጋግሜ ያነበብኩት ለምክሩ ስል አይደለም። ልዑሉ በመልኬ አትፍረጂ ብሎ ለምኖ ሲያበቃ ሣጥኑን በመልኩ መረጠ። እሺ፣ ቅጣቱን አገኘ። ፖርሺያስ? ልዑሉ ከመውጣቱ «እንደ እሱ ያለ መልክ ያላቸው ሁሉ እንዲሁ ይምረጡኝ» ትላለች። ተገላገልኩ ማለቷ ነው። የአባቷ ፈተና ለእሷም ቢሆን ኖሮ ወድቃ ነበር። በመጨረሻ እርሳሱን መርጦ የሚያገባት ባሳኒዮም ቢሆን ኪሱ ባዶ ነው። ጓደኛውን 3,000 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) አስበድሮ፣ አምሮና ተሽሞንሙኖ የመጣ ሰው ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚያብለጨልጨው ሣጥኑ ብቻ አልነበረም።

ወረቀቱ ላይ ያለው «ብዙ ጊዜ ሰምተሃል» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም። የለንደን ተመልካች በእርግጥ ሰምቶታል። ሼክስፒር ከመወለዱ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ አላን ደ ሊል የሚባል ፈረንሳዊ የሃይማኖት ሊቅ በላቲን በሁለት ስንኝ አስቀምጦታል። እንደ ወርቅ የሚያበራውን ሁሉ ወርቅ ነው ብለህ አትያዝ፤ ያማረ ፖም ሁሉም ጥሩ ነው አትበል ይላል። መጽሐፉ ተማሪ ቤት ላቲን ማስተማሪያ ስለነበር ስንኙ በብዙ ልጆች አፍ ገባ። ፖሟን ልብ በሉልኝ።

በእንግሊዝኛ ከምናገኛቸው ጥንታዊ መዛግብት አንዱ ደግሞ ከ1220 አካባቢ የመጣ ነው። ጽሑፉ «ቅዱስ ድንግልና» የሚል ርእስ አለው። ልጃገረዶች ከማግባት ይልቅ ለእግዚአብሔር እንዲኖሩ የሚሰብክ ነው። ጸሐፊው ትዳርን ሲያስጠላ የሚተካከለው የለም! ሚስቲቱ ወደ ቤት ስትገባ ልጇ ይጮኻል። ድመት ሥጋውን ትበላለች፣ ውሻ ቆዳውን ያኝካል። ቂጣው ያርራል። ጥጃው ላሚቱን ይጠባል። ድስቱ ገንፍሎ እሳት ላይ ይፈሳል። ባልየው ደግሞ ቆሞ ይቆጣል። የገጠር ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ 800 ዓመት ያለፈው አይመስለውም። ከውጭ ሲታይ ባማረው ትዳር ላይ ነው እንግዲህ አባባሉን የሚያመጣው። እዚያ የሚያበራው ሁሉ ወርቅ አይደለም፤ ምን እንደሚወጋቸው ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም ይላል።

የዚህን ጽሑፍ ቋንቋ በጥልቀት ካጠኑት ሰዎች አንዱ የኦክስፎርዱ መምህር ቶልኪን ነው። ጥናቱን ያሳተመው በ1929 ነው። አዎ፣ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው ያው ቶልኪን። በ1954 በወጣው የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አባባሉን ገልብጦ «ወርቅ የሆነ ሁሉ አያብለጨልጭም» የሚል ግጥም አስገብቷል። የሚናገረው ያረጀ ልብስ ለብሶ በዱር በገደል ስለሚንከራተት ሰው ነው። ሰውዬው የዙፋን ወራሽ ነው፤ ሲያዩት ግን ማንም አይጠረጥርም።

ወደ ኋላ ልመለስ። ለእኔ አባባሉን ከሁሉም አስበልጦ የተጠቀመበት የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ ጆፍሪ ቾሰር ነው። ቾሰር የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ነው። በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ስለዚህ አጭበርባሪ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ አይቀርም። በ1387 አካባቢ በጀመረው «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ሁለት ሰዎች ፈረስ እየጋለቡ፣ ተረት እያወሩ ወደ ካንተርበሪ የሚጓዙት ተሳላሚዎች ላይ ይደርሳሉ። አንዱ አልኬሚ (ተራ ማዕድንን ወደ ወርቅና ብር የመለወጥ ሙከራ) የሚሠራ ካህን ነው። ሌላው አሽከሩ ነው። አሽከሩ ወሬ ይጀምራል። ካህኑ ምስጢሩ ሊወጣ መሆኑን ሲያይ ሹልክ ብሎ ይጠፋል። አሽከሩ ሰባት ዓመት አብሮት ኖሯል። ፊቱ ቀይ የነበረው እሳት ሲነፋ እርሳስ መስሏል።

ከዚያ አሽከሩ፣ ሌላ ካህን አንድን የለንደን ቄስ እንዴት እንደሸወደ ይተርካል። ካህኑ መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ይበደረውና በሦስተኛው ቀን ይመልስለታል። እምነት እየገዛ ነው። ቀጥሎ ባዜቃን (ሜርኩሪን) ወደ ብር እለውጣለሁ ይለዋል። ከሰል ይቦረቡርና የብር ብናኝ ሞልቶ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ቄሱ ላቡን ሲጠርግ ጠብቆ ከሰሉን ከማቅለጫው በላይ ያኖረዋል። ሰሙ ሲቀልጥ ብሩ ይወርዳል። (በእኛ ቅኔ ቢሆን ከሰሙ ሥር ወርቅ ይገኝ ነበር።) ቄሱ በደስታ አብዶ ምስጢሩን በ40 ፓውንድ ይገዛል። ካህኑን ከዚያ በኋላ አላየውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ቾሰር በዚህ ታሪክ መካከል «እንደ ወርቅ የሚያበራ ሁሉ ወርቅ አይደለም፣ ሲባል እንደሰማሁት» ይልና ወዲያው ለዓይን ያማረ ፖም ሁሉ ጥሩ አይደለም ብሎ ይጨምራል። ፖሟ መጣች! ከላቲኑ ጋር ተያይዛ ነው የተሻገረችው። ነገሩም ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቾሰር በሞተ በጥቂት ዓመት፣ በ1404፣ እንግሊዝ ወርቅና ብር በአልኬሚ ማብዛትን በሕግ ከልክላለች። ሕጉ እስከ 1689 ቆይቷል።

ቾሰር «ሲባል ሰማሁ»፣ ሼክስፒር «ብዙ ጊዜ ሰምተሃል»። ገጣሚው ድራይደንም በ1687 ሲጠቅሰው «እንደሚሉት» ብሎ ነው። አንዳቸውም ፈጠርኩት አላሉም።

በ1747 አባባሉ ድመት ላይ ወደቀ። የእንግሊዛዊው ጸሐፊ የሆረስ ዋልፖል ድመት ሰሊማ ወርቃማ ዓሣ ለመያዝ ስትንጠራራ ከቻይና ሸክላ በተሠራ ገንዳ ውስጥ ወድቃ ሞተች። ጓደኛው ገጣሚው ቶማስ ግሬይ የሐዘን መሰል የቀልድ ግጥም ጻፈላት። ግጥሙን የዘጋውም የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም ብሎ ነው። ዋልፖል በኋላ ገንዳውን ቤቱ ውስጥ ከፍ አድርጎ አስቀምጦ የግጥሙን መጀመሪያ ጻፈበት።

ሃያሲው ሳሙኤል ጆንሰን ግን ይህ መዝጊያ ከነገሩ ጋር አይገናኝም ብሎ አጣጣለው። የሚያብለጨልጨው ወርቅ ቢሆን ኖሮ ድመቷ መጀመሪያውኑ ውሃ ውስጥ አትገባም፤ ብትገባም ከመስጠም አትድንም አለ። ጆንሰን ነገር ማክረር ይወዳል፤ እዚህ ላይ ግን እውነቱን ነው። ድመቷ የፈለገችው ዓሣ ነው፣ ገንዳው ውስጥ የነበረውም ዓሣ ነው። ዓይኗ አላታለላትም፤ እግሯ ነው የከዳት። ለሰሊማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የእኛው አባባል ይበልጥ ይስማማታል። ስለ ወርቁ የተባለው ለዚያ 40 ፓውንድ ለተበላው ቄስ ይሁን።