«ሆዱ ደርቆ ነው» እና ሌሎች ስለ ድመት ሽንት የሚነገሩ ስህተቶች

«ሆዱ ደርቆ ነው፤ ዘይት አጠጡት»

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ድመት ቁጢጥ ብሎ ሲያምጥ ከታየ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ሰገራ የከበደውና ሽንት የከለከለው ድመት አቀማመጣቸው ስለሚመሳሰል በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። አሸዋውን ማየት ይሻላል። አሮጌ ሳፋ ውስጥ የተነፋ ደረቅ አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱና ድመቱን ከሳፋው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉበት። ጤነኛ ድመት በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይሸናል፤ በየጊዜውም የእንቁላል ያህል እርጥብ ጓል ይተዋል። የታመመው ግን ተቀምጦ ይነሣል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ እንደገና ይቀመጣል፣ ብልቱን ይልሳል፤ አሸዋው ላይ የሚገኘው የሳንቲም ያህል ነጠብጣብ ነው፣ ወይም ምንም የለም። በአሸዋ ፋንታ የተቀደደ ነጭ ወረቀት ብታነጥፉ ደግሞ ደም ካለ ወዲያው ይታያል።

ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ሆዱን በቀስታ ዳብሱት። የተዘጋበት ፊኛ ከሎሚ እስከ ብርቱካን የሚያህል ጠጣር ኳስ ሆኖ እጅ ላይ ይመጣል። አትጫኑት፤ ሊፈነዳ ይችላል። በግድ የሚጋተው ዘይት ለተዘጋ ሽንት አንዳች አይፈይድም፤ እየታገለ ሳንባው ከገባ ግን ሌላ በሽታ ይጨምርበታል።

«ጠብ ጠብ እያለለት ነው፤ እስከ ነገ እንየው»

ብዙ ድመት የሚሞተው በዚህ አባባል ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ስለሚጠብ፣ ንፍጥ መሰል ነገርና አሸዋ የመሰለ ክሪስታል ተጣብቀው ይወትፉታል። በውታፉ ጎን ጠብታ ሊያመልጥ ይችላል፣ ፊኛው ግን መሙላቱን አያቆምም። ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ያዘገማል፤ በመጨረሻም ያቆማል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ካልታከመ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

በመጀመሪያ ይጮኻል፣ ይቁነጠነጣል። ቀጥሎ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አልጋ ሥር ይደበቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» የሚለው ይሄኔ ነው፤ ድመቱ ግን እየከፋበት ነው።

ስለዚህ ሽንት የከለከለው ወንድ ድመት አዳር አይሰጠውም። በአካባቢያችን አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ሥራው ከከብትና ከበግ ጋር ስለሆነ፣ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት ደውሉና ለድመት የሚሆን ቀጭን ካቴተር (በሽንት ቧንቧ የሚገባ ቱቦ) እና ማደንዘዣ እንዳለው ጠይቁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ደሴ ስለሚገኝ ከኮምቦልቻ ለሚነሣም ሰው እዚያ ማጠያየቅ አይከፋም፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙ ድመቱን አደንዝዞ ቧንቧውን በጨው ውሃ እያጠበ ይከፍታል፣ በደም ሥሩም ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ካቴተሩ አንድ ሁለት ቀን እንዳለ ይቆያል። ቤት ከተመለሰ በኋላም ሳፋውን መቁጠር አታቁሙ፤ እንደገና የሚዘጋበት አለ። የሴት ቧንቧ አጠርና ሰፋ ያለ ስለሆነ እምብዛም አይዘጋም፣ ፊኛዋ ግን ከመቆጣት አይድንም።

«ብርድ መትቶት ነው»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርድ የማይከሰስበት በሽታ የለም። ነገር ግን ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ውስጥም ያሉ ድመቶች በዚሁ ይታመማሉ። ብርድ ጥፋት ካለው ድመቱን ከከሰሉ ዳር አስተኝቶ ውሃ ማስረሳቱ ነው። ወጣት ድመት ላይ የሚያጋጥመው የፊኛ መቆጣት በአብዛኛው ጀርምም ጠጠርም አይገኝበትም፤ ከጭንቀት ጋር ይያያዛል። ቤት መቀየር፣ አዲስ ድመት መምጣቱ፣ የበዓል እንግዳና ጫጫታ ይበቃሉ። ፍራሽ ላይ የሸናችውን «ተናዳብን ነው» ብሎ መምታት ያንኑ ጭንቀት ማባስ ነው። ሳፋው ላይ ስላመማት ለስላሳ ቦታ ፈልጋ ይሆናል።

«የሰው መድኃኒት ግማሹን እንስጠው»

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል የ500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ግማሽ እንኳ ሊገድል ይችላል፤ ድዱ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቱ ያብጣል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ከሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን ደግሞ የተዘጋ ቧንቧ አይከፍትም። ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ድመት ላይ ኢንፌክሽን በርከት ይላል፤ እሱም ቢሆን ሽንቱ ተመርምሮ ነው የሚታከመው።

«ሽንቱ ከቀላ ፊኛው ነው»

እያማጠ፣ ትንሽ ትንሽ እየሸና ከቀላ አዎ። ሳያምጥ ሽንቱ ወደ ቡናማ ከሄደና ድዱ ከነጣ ግን ምን እንደበላ አስቡ። የወጥ ትርፍ ቁሌት አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ከወጡ ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። ይህም ሐኪም ይፈልጋል።

«ወተት ካገኘ ውሃ ምን ያደርግለታል»

4 ኪሎ የሚመዝን ድመት ከምግቡ የሚያገኘው ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል። ወተት ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ያለውን ውሃ ጭምር ያስወጣል ማለት ነው። ጨውና ቅመም ሳይነካው የተቀቀለ ሥጋ ከነመረቁ ይሻላል። ደረቅ የድመት ምግብ የውሃ መጠኑ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አርሱት። የውሃው ሳህን ሰፊ ይሁን፣ ከሳፋው ይራቅ።

የሸመገለ ድመት በተቃራኒው ውሃ ሲያበዛና ጓሉ ሲተልቅ «ጠጥቶ ጠገበ» ይባልለታል። ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ጠዋት ውሃውን ለክታችሁ ቅዱለት፣ በማግስቱ የቀረውን ለኩ። 4 ኪሎው ድመት በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ቁጥሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።